የፍላይድ ኤግ ሁለት አልበሞች፦ ሸክላውን ስትገዙ የመጨረሻውን ዘፈን አስከፍቱ

ፍላይድ ኤግ የጃፓን ሮክ ባንድ ነው፤ ስሙም የፊደል ስህተት አይደለም። በእንግሊዝኛ የተጠበሰ እንቁላል «ፍራይድ ኤግ» ነው፤ ጃፓንኛ ግን «ረ»ን ከ«ለ» አይለይም። ሦስቱ ሙዚቀኞች ይህንኑ ይዘው ባንዳቸውን «ፍላይድ ኤግ» አሉት። የመጀመሪያው አልበማቸው ርዕስ ላይ ደግሞ ቃሉ ተስተካክሎ ይገኛል፦ «ዶክተር ሲግልስ ፍራይድ ኤግ ሹቲንግ ማሽን»። ስለዚህ ስትፈልጉት በሁለቱም አጻጻፍ ሞክሩ።

የባንዱ ዕድሜ አጭር ነው። ሁለቱም አልበሞች፣ ይኸኛውና «ጉድ ባይ»፣ የወጡት በ1972 እ.ኤ.አ. ቨርቲጎ በተባለው የሸክላ አሳታሚ ስም ነው፤ ከዚያ በኋላ ባንዱ የለም። ሺገሩ ናሩሞ ጊታርም ኪቦርድም ይጫወታል፣ ሂሮ ሱኖዳ ድራም ይመታል፣ ይዘፍናልም። ሁለቱ በ1971 «ስትሮቤሪ ፓዝ» በሚል ስም አንድ አልበም ሠርተው ነበር። ቤዝ ጊታሩን የያዘው ማሳዮሺ ታካናካ በ1953 የተወለደ ነው፤ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ጃፓን ሲባል የእኛ ጆሮ ቶሎ የሚጠብቀው ከትዝታና ከአምባሰል ጋር የሚቀራረበውን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። እሱን ፍለጋ የመጣ ሰው እዚህ አያገኘውም። ዘፈኖቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የተኮረጁትም ከብሪታንያ ሮክ ነው፣ ልጆቹም አይደብቁትም። «ኦኬካስ» እንግሊዛዊውን የኪቦርድ ተጫዋች ኪት ኤመርሰንን የሰማ ሁሉ ወዲያው የሚለየው የኦርጋን ግልቢያ ነው። «ፊፍቲን ሰከንድስ ኦፍ ስኪዞፍሬኒክ ሳባዝ» በስሙ ሁለት የብሪታንያ ባንዶችን፣ የ«ስኪዞይድ ማን» ዘፈን ባለቤት ኪንግ ክሪምሰንንና ብላክ ሳባዝን፣ አንድ ላይ ይጠራል፣ በአሥራ አምስት ሰከንድ አካባቢም ያልቃል። መዝጊያው «ጋይድ ሚ ቱ ዘ ኳየትነስ» ግን ከመኮረጅ ያለፈ ሥራ ነው። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከዘፈኑ ጀርባ እንደ ቫዮሊን ስብስብ ያለ የኪቦርድ ድምፅ እየሰፋ ይመጣል፣ ማንም አይቸኩልም። አልበሙን ለዚህ አንድ ሥራ ብቻ ብትገዙት አትጸጸቱም። መሃል ላይ ያሉት የፍቅር ዘፈኖች ደህና ናቸው፤ ከዚያ በላይ የሚባልላቸው ነገር የለም።

«ጉድ ባይ» ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ገጽ መድረክ ላይ የተቀዳ፣ ሁለተኛው የስቱዲዮ ሥራ። ልዩነቱ ለምን እንዲህ እንደሰፋ ማወቅ ይጠቅማል። ናሩሞ ስቱዲዮ ውስጥ ኦርጋኑን ይቀዳል፣ በላዩ ላይ ጊታሩን ይጨምራል፣ እንደገና ሌላ ኪቦርድ ይደርባል። መድረክ ላይ ያሉት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። ስለዚህ የቀጥታው ገጽ ወደ ጊታርና ወደ ከባድ ብሉዝ ያደላል፤ «ሮክ ሚ ቤቢ»ን የመሰለ የቆየ ብሉዝም የተመረጠው ለሦስት ሰው ስለሚመች ይመስለናል። «ሮሊንግ ዳውን ዘ ብሮድዌይ» በሁለቱም አልበሞች ላይ አለ። ተራ በተራ ክፈቷቸው፤ የባንዱን አቅምና ወሰን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለም። የስቱዲዮው ገጽ የሚያልቀው በ«521 ሰከንድስ ስኪዞፍሬኒክ ሲምፎኒ» ነው። 521 ሰከንድ ማለት 8 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ነው፤ ሦስቱ አብረው የት ሊደርሱ ይችሉ እንደነበር የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሸክላ ስትገዙ ነው። በሁለቱም አልበሞች ምርጡ ሥራ የተቀመጠው መርፌው በጣም በሚቸገርበት ቦታ፣ ከመሃሉ አጠገብ ነው። ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል። ውጪኛው ጠርዝ ላይ መስመሩ ከመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ መሃሉ ጋ ሲደርስ ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ላይ ተጨምቋል ማለት ነው። መርፌው ካረጀ ወይም አቀማመጡ ትንሽ ከተዛባ የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ያፏጫሉ፣ የተደራረበው ኪቦርድ ይሻክራል። ያለፈው ባለቤት በመጥፎ መርፌ ሲያጫውተው ከኖረ ደግሞ ጉዳቱ ሸክላው ላይ ስለቀረ የእናንተ አዲስ መርፌ አያድነውም። ሻጩ የመጀመሪያውን ዘፈን ሲከፍትላችሁ ሸክላው ሁልጊዜ ጥሩ ነው። የመጨረሻውን አስከፍቱት።

ስትሰሙ «ጠቅ» የሚል ነገር ካለ ሰዓት ያዙ። በየ1.8 ሰከንዱ እኩል እየተመላለሰ ከመጣ ጭረት ነው፣ አይወጣም። እዚህም እዚያም ያለ ሥርዓት ከሆነ አቧራ ሊሆን ስለሚችል ማጠብ ይበጃል። በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ ጭረት ካለ ተዉት። በብርሃን ብቻ የሚታይ ቀጭን መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ሽፋኑን የሚታጠቀውና «ኦቢ» የሚባለው የወረቀት መቀነት ዋጋውን ያንረዋል። ለሰብሳቢ ቁም ነገር ነው፤ ለሚሰማ ሰው ግን ኦቢ የሌለውን ገዝቶ የቀረውን ገንዘብ ለመርፌ ማዋል ይሻላል። ማጫወቻችሁ ርካሽ ከሆነ ደግሞ ሲዲውን ምረጡ። ሲዲ ከመሃል እስከ ጫፍ እኩል ይነበባል፣ ሁለቱ መዝጊያዎችም ሳይጎዱ ይደርሷችኋል።

በስልክ የምትሰሙ ከሆነ ዘፈን ከዘፈን የሚያቀላቅለውን ማስተካከያ አጥፉት። 12 ሰከንድ ላይ ከተቀመጠ የአሥራ አምስት ሰከንዱን ሥራ ከነአካቴው ይውጠዋል፤ ዘፈኑ መኖሩንም ሳታውቁ ታልፉታላችሁ።

ከባንዱ በኋላ ሱኖዳ ቀድሞ በ«ስትሮቤሪ ፓዝ» ዘመን በዘፈነው «ሜሪ ጄን» ጃፓን ውስጥ ታዋቂ ሆኖ ዘለቀ። ናሩሞ በ2007 አረፈ። ታካናካ ሳዲስቲክ ሚካ ባንድ የተባለውን የጃፓን ባንድ ተቀላቀለ፣ በ1975 ከእንግሊዙ ባንድ ከሮክሲ ሚዩዚክ ጋር ብሪታንያን ዞረ፣ ከዚያም በራሱ ስም በጊታሩ ገነነ። ዛሬ ወደ ፍላይድ ኤግ ከሚመጡት ብዙዎቹ የእሱ አድናቂዎች ስለሆኑ አንድ ነገር ይወቁ፦ እዚህ እሱ ያለው ቤዝ ላይ ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ይሰማል፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ያን አያወጣም። ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ «ኦኬካስ»ን ክፈቱና ከኦርጋኑ ሥር ተከታተሉት።