የዘይት ግፊት ጠቋሚ ሲዋዥቅ፦ ኮፒ ሴንሰር፣ ኦሪጅናል ሴንሰር ወይስ ሜካኒካል ጌጅ?

በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል በናፍጣ መኪና ጭነት የሚያመላልሱ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የዘይት ግፊት ጠቋሚው ከፍ ዝቅ ሲል ምን ገዝተን እንቀይር ይሉኛል። ገበያው የሚያቀርበው ርካሹን ኮፒ ሴንሰር፣ ኦሪጅናሉን ሴንሰር፣ እንዲሁም በቱቦ ከሞተሩ ዘይት ተቀብሎ ግፊቱን ያለ ኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ሜካኒካል ጌጅ ነው። ሦስቱንም በገንዘቤ ገዝቼ የሞከርኩ በመሆኔ አስቀድሞ መገዛት ያለበት ሜካኒካሉ ጌጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ሽንኩርት ጭኜ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ስወጣ ጠቋሚው በቅጽበት ዜሮ ነክቶ ተመለሰ፤ ከዚያም መንገዱን ሙሉ ሲወዛወዝ ዋለ። ያሳየሁት መካኒክ ብሮንዚናው (በሞተሩ ውስጥ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ብረት) ስላለቀ ሞተሩ መከፈት አለበት አለኝ። ያንን ወጪ ስለፈራሁ ሴንሰሩን ለመቀየር ወሰንኩና በ950 ብር ኮፒ ገዛሁ፤ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ውዝዋዜው ተመለሰ። ከሌላ ሱቅ በ900 ብር የገዛሁት ሁለተኛው፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራም ጠቋሚውን ከላይ ሰቅሎ አስቀረው። በ1,000 ብር የገዛሁት ሦስተኛው ደግሞ ሽቦው ከሚሰካበት ፕላስቲክ ሥር ዘይት ያነባ ጀመር፤ እስክደርስበት 3 ሊትር ያህል አፍስሶ ነበር፤ ሊትሩን በ700 ብር ሂሳብ 2,100 ብር ማለት ነው። በድምሩ 4,950 ብር አውጥቼ ጠቋሚው ያኔም ይዋዥቅ ነበር። በዚያው ጊዜ ኦሪጅናሉ ሴንሰር 4,200 ብር፣ ሜካኒካሉ ጌጅ ከቱቦውና ከሁለት ማገናኛዎቹ ጋር 3,600 ብር ይሸጡ ነበር።

በመጨረሻ ጌጁን ገዝቼ በሴንሰሩ ቦታ ሳስገጥመው፣ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ በሚኒሞ 1.2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ ደግሞ ከ3.5 ባር በላይ ሳይነቃነቅ አሳየ። ብልሽቱ ከሞተሩ ወደ ሻንሲ የሚሄደው የማሳ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) ገመድ ጫፉ ዝጎ መላላቱ ነበር፤ በ350 ብር ተቀየረ። ከመጀመሪያው ኦሪጅናሉን ሴንሰር ገዝቼ ቢሆን ኖሮም 4,200 ብሬ በከንቱ ይወጣ ነበር፤ ምክንያቱም መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ሴንሰር ራሱ ደህና ነበር። ጌጁን ማስቀደም አለባችሁ የምለው ለዚህ ነው፤ እሱ ለአንድ ብልሽት ብቻ የሚሆን መለዋወጫ ሳይሆን ከመኪናው ጋር ለዓመታት የሚኖር መመርመሪያ ነው።

ስለ ኮፒ ሴንሰር ሻጮች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ሴንሰሩ ግፊትን ወደ ኤሌክትሪክ መቋቋም ይለውጣል፤ የመቋቋሙ ልክ ግን ከመኪና መኪና ይለያያል። አንዳንዱ ያለ ግፊት 10 ኦም ገደማ ሆኖ ግፊቱ ሲጨምር ወደ 180 ኦም ይወጣል፤ ሌላው በተቃራኒው ከ240 ኦም ተነሥቶ ወደ 33 ይወርዳል። ከክሩስኮቶው (ከሹፌሩ ፊት ካለው የጠቋሚዎች ሰሌዳ) ጌጅ ጋር የማይስማማ ሴንሰር አዲስ ቢሆንም ውሸት ያሳያል፤ ሁለተኛው ኮፒዬ የሠራው ይህንኑ ይመስለኛል። ሴንሰሩ እንደ ብሎን የሚጠበቅበት ጥርሱም ያታልላል፤ በኢንች 27 ጥርስ ያለው ባለ አንድ ስምንተኛ ኢንች ሴንሰር 28 ጥርስ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ጥቂት ዙር ገብቶ ይያዛል፤ በኃይል ቢጠበቅ የሞተሩን ጥርስ ያበላሻል። ካገለገለ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ከኮፒ ይሻላል፤ ሆኖም በኦም መለኪያ ሳይፈተሽ አይገዛ።

ጌጁንም ቢሆን ሳያዩ መግዛት ያስጠይቃል። ከ0 እስከ 10 ባር የሚለካውን ምረጡ፤ ለውኃ ፓምፕ የተሠራውና እስከ 25 ባር የሚደርሰው የሚኒሞን አነስተኛ ግፊት በትክክል አያስነብብም። ከርካሹ ጌጅ ጋር የሚሰጠው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ የጭስ መውጫውን ቢነካ ቀልጦ ዘይቱን በጋለ ብረት ላይ ይረጫል፤ ስለዚህ በሽቦ የተጠለፈ የጎማ ቱቦ ለማግኘት ጥቂት ብር ቢጨመር አይቆጭም። ከመክፈላችሁ በፊት ጎሚስታ ዘንድ ወስዳችሁ ከኮምፕሬሰሩ ጌጅ ጋር አስተያዩት።

የምትለኩበት ቦታም ውጤቱን ይለውጠዋል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ያረጀ ሞተርም ጥሩ ግፊት ያሳያል፤ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች በቀዝቃዛ ሞተር የታየን ጌጅ አትመኑ። ትክክለኛው ልኬት ጭነት ይዞ ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ ደብረ ሲና ላይ በጋለ ሞተር የሚነበበው ነው። በሙቀት ግፊቱ ዝቅ ማለቱ ጤናማ ነው፤ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 0.7 ባር ገደማ የሚለው የቆየ የመካኒኮች ግምት ይረዳል፤ የሚበልጠው ግን የሞተሩ መመሪያ ነው። ፍሬቻ ሲበራ የሚንቀጠቀጥ ጠቋሚ አብዛኛውን ጊዜ የሽቦ ነገር ነው። በጣርማ በር ጠመዝማዛ ላይ ሲታጠፉ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ግን ዘይት ጎድሎ ፓምፑ አየር እየሳበ ሊሆን ስለሚችል ቆሞ ማየት ይገባል።

ሜካኒካሉ ጌጅ ትክክለኛ ግፊት እያሳየ፣ ሽቦውና ማሳውም ተፈትሾ ጠቋሚው አሁንም ከዋዠቀ፣ ያን ጊዜ ኦሪጅናሉን ሴንሰር ያለ ስስት ግዙ። ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ ስለሆነ ነጩን የቧንቧ ቴፕ አትጠቅልሉበት።

ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ መኪና ሲዋዥቅ ያንኑ ጌጅ አስገጠምንለት፤ ሲሞቅ በሚኒሞ 0.4 ባር ብቻ አሳየ። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ስናወጣ ዘይቱ ከልኩ በላይ ሆኖ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር፤ ናፍጣ ገብቶ አቅጥኖታል ማለት ነው። ኮፒ ሴንሰር በ900 ብር ሊገዛ በማግስቱ አዲስ አበባ ሊወርድ ተነሥቶ ነበር፤ በምትኩ ናፍጣ የሚያፈሰው ኖዝል (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል) ተሠራ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ተቀየረ፤ ጌጁን መልሰን ስናስገጥም በሚኒሞ 1.1 ባር ላይ ቆመ።