የአፈር ግድባችን ከአንድ ዓመት በኋላ

የምንኖረው መራዊ አጠገብ ነው። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ቢሠራም፣ እኛ ከቦዩ በላይ ስለሆንን ውሃው ሽቅብ አይመጣልንም። ስለዚህ በ2016 ሚያዝያ ላይ በማሳችን መካከል በሚያልፈው ቦረቦር ላይ ትንሽ የአፈር ግድብ ሠራን። ከታች ያሉትን ጎረቤቶችና የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍለውን የውሃ አባት አስቀድመን አነጋግረናል፤ የክረምት ጎርፍ ብቻ የሚወርድበት ስለሆነ ማንም አልተቃወመም።

ቁመቱ 3 ሜትር፣ የአናቱ ስፋት 2 ሜትር ነው። የውስጡ ጎን የውጪውን ያህል ቀጥ አይልም፤ ለአንድ ሜትር ቁመት 3 ሜትር ይንጋለላል። መሠረቱን እስከ ጠንካራው ቀይ አፈር ቆፍረን ከሞላን በኋላ፣ አፈሩን በ15 ሳንቲሜትር ውፍረት እየደለደልን፣ ውሃ እያርከፈከፍን፣ እንደ ጤፍ አውድማ በሬ እያዞርን አስረገጥነው። እርጥበቱን የለካነው በእጃችን ነው፤ ጨብጠን ስንለቀው ካልፈረሰና መዳፍ ካላራሰ ይበቃዋል። ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ይህ ነበር፤ ዛሬ ግድቡን ያቆመውም እሱ ነው።

ትርፉ ውሃ በጎን የሚወጣበትን ማስተንፈሻ ግን አጥብበነው ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት የጣለ ዝናብ ውሃውን ከአናቱ ስንዝር እስኪቀረው አደረሰው። በባትሪ ብርሃን በዶማ ስናሰፋ አነጋን። ውሃ በአፈር ግድብ አናት ላይ ከፈሰሰ ሸርሽሮ ይንደዋልና ያን ሌሊት አልረሳውም። አሁን እጥፍ ሰፍቷል፤ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ዳሩም ቬቲቨር ሳር ለብሷል። ባሕር ዛፍ ግን ግድቡ ላይ አትትከሉ፤ ሥሩ ሲበሰብስ የውሃ መንገድ ይሆናል።

በበጋው ሩብ ሄክታር ሽንኩርት አጠጥተንበታል። ከብቶቹ ዳሩን ረጋግጠው፣ አልቅትም ስለያዛቸው አጥረነዋል፤ አሁን በጎማ ተስቦ በሚመጣ ውሃ ከገንዳ ይጠጣሉ። መግቢያው ላይ በአንድ ክረምት እስከ ጉልበት የሚደርስ ደለል ተከምሯል፤ ከላይ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ መቆፈር ነበረብን።

ከመስከረም ጀምሮ ያስጨነቀኝ ከግርጌው የሚሰርገው ውሃ ነበር። በየጠዋቱ በብርጭቆ ቀድቼ ወደ ፀሐይ ቀና አድርጌ አየዋለሁ። ከደፈረሰ የግድቡን አካል ከውስጥ እያጠበ ነው ማለት ነው፤ ከጠራ ግን ያን ያህል አያሰጋም። እስካሁን አልደፈረሰም። ያም ሆኖ በየቀኑ የሚባክን ሀብት አድርጌ እቆጥረው ስለነበር፣ ለከርሞ ወለሉን ፕላስቲክ ልናለብሰው ዋጋ እስከ መጠየቅ ደርሰን ነበር።

ከእኛ በታች የሚኖሩት እማማ የጉድጓዳቸው ውሃ በየዓመቱ ጥር ላይ ይደርቅ ነበር። ዘንድሮ መጋቢት አጋማሽ ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ውሃ እየቀዱ አገኘኋቸው፤ የመቅጃውን ገመድ ሁለት ክንድ አሳጥረውታል። ፕላስቲኩን ትተነዋል።