ከሙቀጫው ሥር የለጠፍኳት ፒካፕ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ይህችን ፒካፕ፣ ዕቃ ላይ ተለጥፋ ንዝረቱን የምትሰማ ትንሽ ማይክ፣ የገዛሁት ዝናብ አናዶኝ ነው።

የምሠራበት ቤት አለም ገና ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው፦ እንግዳው ሙቀጫ ውስጥ ቡና ይወቅጣል፣ በየምቱ ግድግዳው ላይ ሌላ ቪዲዮ ይመጣል። መጀመሪያ ተራ የመድረክ ማይክ አቆምኩ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቪዲዮው ወቃጭ ሳይኖር ያብድ ጀመር። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በጅማ መንገድ የሚያልፈው ገልባጭ መኪና ይተካዋል።

ፒካፗ ክራር ላይ የሚለጥፏት ዓይነት ናት፣ ሳንቲም የምታክል። በአየር የሚመጣውን ድምፅ ብዙም አትሰማም፤ የምትሰማው የተለጠፈችበትን ዕቃ ንዝረት ነው። ሙቀጫው ሥር በለጠፍኳት ቀን ዝናቡ ከጨዋታ ውጪ ሆነ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ማይክ መሰኪያ ላይ ከሰካችኋት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። የጊታር መሰኪያ ያለው ሳውንድ ካርድ (ድምፁን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው ዕቃ) ያስፈልጋታል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷን ስረግም ነበር።

ምቱን የሚለየው ፒዩር ዳታ ነው፤ ሚለር ፐኬት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የሠራው፣ ዛሬም በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም። ውስጡ ያለው ‹ቦንክ› የሚባል መሣሪያ ምት ሲመጣ ያሳውቃል፣ ጥንካሬውንም ይለካል። ተስተካክሏል ብዬ ተቀምጬ ሳለ ጎረቤቴ እማማ መጥተው ወቀጡ። ግማሽ ላይ ቪዲዮው ቆመ።

«ልጄ፣ ቡናው ሲልም ነው እንዴ ይሄ ነገርህ የሚደነቁረው?»

እውነታቸውን ነው። ፍሬው ሳይሰበር ምቱ ‹ቋ› ይላል። ዱቄት ሲሆን ዘነዘናው ትራስ የመታ ያህል ይታፈናል። ምት የሚቆጠርበትን መጠን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ የዘነዘናው ንጥረት እንደ ሁለተኛ ምት ተቆጠረ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ 150 ሚሊሰከንድ ጆሮውን እንዲደፍን አደረግኩት። እማማ የቱንም ያህል ቢፈጥኑ ከዚያ አይቀድሙም።

ቪዲዮው ከምቱ ዘግይቶ ሲመጣ ፒካፗ ላይ አላክኩ፤ ጥፋቱ የቪዲዮዎቹ ነበር። በኤች 264 (በተለመደው የቪዲዮ ማሸጊያ ዘዴ) የታሸገ ቪዲዮ አብዛኛው ፍሬሙ፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል፣ ከሌላው ተበድሮ ነው የሚሞላው፤ መሃል ላይ ዘሎ ለመግባት አይመችም። ሁሉንም እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን ወደሚችልበት ሞሽን ጄፔግ ቀየርኳቸው። ፋይሉ አበጠ፣ መዘግየቱ ግን ቀረ።

የፒካፗ ድክመት ሽቦዋ ነው። ፀጉር ታክላለች። በሦስተኛው ወር ከብየዳው ተበጠሰችና ሞባይል ጥገና ቤት አስበየድኳት። ለመለጠፍ ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ይበቃል፤ በየሳምንቱ መቀየር ነው። ሱፐር ግሉ እንዳትሞክሩ፣ ስትነቀል ትሰበራለች።

ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን ፒካፗ በመብራቱ 50 ኸርዝ ታጉረመርማለች። ስለዚህ ትርኢት ሲኖር በባትሪ ነው የምሠራው። ባለፈው መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ምንም አልሆነ፣ የጠፋው ፕሮጀክተሩ ነው። እማማ በጨለማው ወቅጠው ጨረሱ። ቡናውንም ጠጣነው።