የጃንጎ ዶክመንቴሽን፦ ክፍፍሉ የሠመረ፣ ክላሶቹ የተበተኑ

ጃንጎ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ድረ ገጽ ለሚሠሩ ፕሮግራመሮች የተዘጋጀ ማዕቀፍ (ሥራቸውን የሚመሠርቱበት ዝግጁ ኮድ) ሲሆን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ መልካም ስም ካተረፈባቸው ነገሮች አንዱ ዶክመንቴሽኑ፣ ማለትም አጠቃቀሙን የሚያስረዳው ሰነድ ነው። ስሙም የሚገባው ይመስለኛል፤ ቅሬታዬ በአንድ ክፍሉ ላይ ብቻ ነው።

መግቢያ ገጹ ይዘቱ በአራት እንደተከፈለ አስቀድሞ ይናገራል፤ ጀማሪውን እየመራ በ8 ክፍሎች የድምፅ መስጫ መተግበሪያ የሚያሠራ ማስተማሪያ፣ ጽንሰ ሐሳቦችን የሚያብራሩ የርዕስ መመሪያዎች፣ ዝርዝር ማጣቀሻ፣ እንዲሁም ለተወሰነ ሥራ የተዘጋጁ አጫጭር መመሪያዎች። የክፍፍሉ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ ከዳታቤዝ መረጃ ስለማውጣት በሚናገሩት ገጾች ላይ ይታያል። ኩዌሪሴት (ከዳታቤዝ የሚፈለገውን መረጃ የሚገልጽ ጥያቄ) ወደ ዳታቤዙ የሚሄደው በተጻፈበት ቅጽበት ሳይሆን ውጤቱ በሚፈለግበት ጊዜ መሆኑን ገና የሚማር ሰው የርዕስ መመሪያውን በእርጋታ ያነባል፤ ይህን የሚያውቅና ተዛማጅ መረጃን አብሮ የሚያመጣውን የ‹ሴሌክት ሪሌትድ›ን አጠቃቀም ብቻ ሊያረጋግጥ የመጣ ደግሞ በቀጥታ ማጣቀሻውን ይከፍታል። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበትም ሰው ሙሉው ሰነድ በፒዲኤፍና በኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቅርጽ) ይወርዳል፤ ይህ ለእኛ አገር ፕሮግራመር ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው በክላስ የተመሠረቱ ቪውዎች ላይ ሲደረስ ነው። ቪው ለድረ ገጽ ጎብኚ ጥያቄ መልስ የሚያዘጋጅ የኮድ ክፍል ነው፤ ክላስ ደግሞ ሜተድ የሚባሉ ተግባራትን በአንድ የሚያቅፍና ከሌሎች ‹ወላጅ› ክላሶች ተግባር ሊወርስ የሚችል የኮድ ቅርጽ ነው። የነገሮችን ዝርዝር የሚያሳየውን ቪው፣ የ‹ሊስትቪው›ን ገጽ የከፈተ አንባቢ የወላጅ ክላሶችን ስምና የሜተዶችን የአጠራር ቅደም ተከተል ያገኛል፤ ‹ጌት ኩዌሪሴት› የሚባለው ሜተድ ምን እንደሚመልስ ለማወቅ ግን ወደ ሚክሲኖች (ለሌሎች ክላሶች ተግባር የሚያውሱ ክላሶች) ገጽ መሻገር አለበት፣ ጥያቄውን ወደ ተገቢው ሜተድ የሚመራውን ‹ዲስፓች›ን ለማየት ደግሞ ሦስተኛ ገጽ ይከፍታል። የአንድ ክላስ ሙሉ መልክ በአንድ ቦታ ስለማይገኝ፣ ብዙ ፕሮግራመሮች የተወረሱትን ሜተዶች ከነኮዳቸው በአንድ ገጽ የሚያሳይ፣ ከፕሮጀክቱ ውጭ የተሠራ ድረ ገጽ መጠቀምን ይመርጣሉ። በእኔ እይታ ይህ ምርጫ ራሱ የአደረጃጀቱን ጉድለት ያሳያል።

መፍትሔው ሰነዱን ከኮድ በራስ ሰር ማመንጨት አይደለም፤ የጃንጎ ማብራሪያ የሚነበበው በሰው እጅ በጥንቃቄ ስለሚጻፍ ነውና። ይልቁንም በእያንዳንዱ ቪው ሥር የተወረሱት ሜተዶች ሁሉ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ መስመር ማብራሪያና ከመጡበት ክላስ ስም ጋር፣ በሠንጠረዥ ቢቀመጡ ይበቃል። ሰነዱና ኮዱ በአንድ ማከማቻ ስለሚኖሩ የሠንጠረዡን ዝርዝር ከኮዱ ጋር እያመሳከሩ ማደስ ከባድ ሥራ አይሆንም፤ ሙሉ ማብራሪያውን የሚፈልግም ከዚያው ወደ ሚክሲኑ ገጽ ይሻገራል።