ዴል፣ ኤችፒ ወይስ ሌኖቮ? ከብራንዱ ስም በፊት የሞዴሉን መስመር ይዩ

«ዴል ይሻላል ወይስ ኤችፒ?» ብሎ መጠየቅ ለላፕቶፕ ገዢ ብዙም አይጠቅመውም። ኳንታና ኮምፓልን የመሳሰሉ የታይዋን አምራቾች ለተፎካካሪ ብራንዶች ሁሉ ይገጣጥማሉ። ጥራቱን የሚወስነው ብራንዱ ለዚያ የሞዴል መስመር ምን ያህል ወጪ መደበለት የሚለው ነው።

ሦስቱም ብራንዶች ሁለት ዓይነት ዕቃ ያወጣሉ። ለቤት ተጠቃሚ ዴል ኢንስፓይሮንን፣ ኤችፒ ፓቪልዮንንና ኤችፒ 15ን፣ ሌኖቮ ደግሞ አይዲያፓድን ሲሸጡ ቆይተዋል። ለድርጅት የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና የሌኖቮ ቲንክፓድ አሉ፤ ዴል ግን በ2025 (እ.ኤ.አ.) ኢንስፓይሮንና ላቲቲዩድ የሚሉትን ስሞች ለአዲስ ሞዴሎቹ መተው ጀምሯል። ለድርጅት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሦስት ዓመት ዋስትና ይዞ ነው የሚሄደው። አንድ ባንክ ሺህ ላፕቶፕ ገዝቶ በሁለተኛው ዓመት ክዳኑ መነቀል ቢጀምር ወጪው የአምራቹ ነው፤ ስለዚህ ገና ሲነደፍ ይጠነከራል። ለቤት የሚሸጠው ግን ሱቅ መደርደሪያ ላይ በዋጋ መወዳደር አለበት፤ ቁጠባውም ገዢ በማያየው ቦታ ይሆናል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ሂንጁ፣ ማለትም ክዳኑን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ማጠፊያ ነው። የኢንስፓይሮን 15 3000፣ የኤችፒ 15 ወይም የአይዲያፓድ 3 ሽፋን ሲከፈት የሂንጁ ብሎኖች ብዙ ጊዜ የታሰሩት ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበሩ ትንንሽ የነሐስ ነቶች ላይ ነው። ሂንጁ ራሱ ብረት ስለሆነ እምብዛም አይሰበርም። እየጠበቀ ሲሄድ ግን ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጉልበቱ ነቱ ላይ ያርፍና ነቱ ከነፕላስቲኩ ይነቀላል። ምልክቱ ክዳኑ ሲነሳ የስክሪኑ ጠርዝ ከሥሩ ፈልቀቅ ማለቱ ነው። በዚያው መክፈትና መዝጋት ከተቀጠለ የስክሪኑ ገመድ ይጎዳል፣ አንዳንዴም ፓነሉ ይሰነጠቃል። በኢፖክሲ ማጣበቅ ለጥቂት ወራት ያቆየው እንደሆነ ነው፤ የሚያስተማምነው ነቱ ያለበትን ሽፋን መቀየር ነው።

የኤሊትቡክ 840 ጂ5 አካል አሉሚኒየም ነው። የቲንክፓድ ቲ480 ክዳን ግን የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ሆኖ ሳለ ጠንካራ ነው። ስለዚህ «ብረት ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን አያሳምን፤ አንዳንዱ ርካሽ ላፕቶፕ ላይ ስስ አሉሚኒየም ይለበድና ከሥሩ ያው ፕላስቲክ ይሆናል። ከፊት ጥጉ በአንድ እጅ ያንሱት፣ ኪቦርዱንም መሃል ላይ ጫን ይበሉት። ከጮኸ ወይም ከሰመጠ ይተዉት።

ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ አንዲት የሞዴል ፊደል ብዙ ትለውጣለች። ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያ አለው። ቲ480ኤስ አንዱ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ሲሆን ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን ላይ ሁሉም የተበየደ ነው፤ 8 ጊጋ የገዛ በ8 ጊጋ ይኖራል። ላቲቲዩድ 7490 እና ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ሁለት ማስገቢያ አላቸው። መብራት ለሚያስቸግረው ሰው ቲ480 ሌላም ብልጫ አለው፤ ከውስጠኛው ባትሪ በተጨማሪ ከኋላ የሚወልቅ ባትሪ ስላለው ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ መቀየር ይቻላል። እንከንም አለበት፤ የተንደርቦልት ፈርምዌሩ (የታይፕ ሲ ወደቡን የሚያሠራው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ካልታደሰ ወደቡ ቻርጅ ማድረግ ሊያቆም ይችላል። ሌኖቮ ማስተካከያውን አውጥቷል፤ እንደተገዛ ይጫን።

የዴል ክብ ቻርጀር ጫፍ መሃል ላይ ያለችው ቀጭን መርፌ ቻርጀሩን ለኮምፒውተሩ የምታሳውቅ ናት። መርፌዋ ከታጠፈች ወይም ቻርጀሩ አስመሳይ ከሆነ ባትሪው አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ራሱን ያዘገያል። ባለቤቱ ቫይረስ መስሎት ዊንዶውስ ሲያስጭን ይውላል።

ስክሪን ላይ ነገሩ አጭር ነው፤ ጥራቱ 1366 በ768 ነጥብ የሆነ ቲኤን የሚባል ፓነል አይግዙ፣ 1920 በ1080 የሆነ አይፒኤስ የሚባለውን ዓይነት ይፈልጉ። ኤሊትቡክ ላይ ሹር ቪው የሚባለው የግላዊነት ስክሪን ከጎን ሲያዩት ስለሚጨልም ሁለት ሆኖ ለመሥራት አይመችም።

ማስታወቂያ ላይ «ሚሊተሪ ግሬድ» (ለወታደር የሚበቃ) ሲባል በቀላሉ አይደነቁ። ሚል ኤስቲዲ 810 የአሜሪካ መከላከያ ያወጣው የፍተሻ ዘዴ ነው፤ የትኞቹን ፍተሻዎች እንደሚያደርግ ግን አምራቹ ራሱ ይመርጣል።

የድርጅት መስመር የሚል ስም ሁልጊዜ መተማመኛ አይሆንም። የዴል ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ270 እና ጂኤክስ280 ዴስክቶፖች በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ካፓሲተራቸው (ቦርዱ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) እያበጠ በብዛት ተበላሽተዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ላቲቲዩድ 3000 እና ቲንክፓድ ኢ ስማቸው የድርጅት ይሁን እንጂ አሠራራቸው ወደ ርካሹ ያዘነብላል። ላቲቲዩድ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር 5 ወይም 7 ይሁን።

ያገለገለ ሲገዙ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ኮምፒውተሩን እያስነሱ ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የቅንብር ገጽ) ይክፈቱ፤ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀ የድርጅት ቁልፍ አልተነሳለትም ማለት ነው፤ ሻጩ «ይከፈታል» ቢልም አይውሰዱት። ዴል ላይ የባትሪውን ጤንነት እዚያው ባዮስ ውስጥ ያገኙታል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) ስላበቃና ዊንዶውስ 11 በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ፣ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ በታች አይውረዱ። ቲ480 በ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰርም ስለወጣ ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን የፕሮሰሰሩን ቁጥር ያንብቡ፤ አይ5 8250ዩ 8ኛ፣ አይ5 7300ዩ 7ኛ ነው።

በተመሳሳይ ዋጋ አዲስ ኢንስፓይሮን 3000 እና ባትሪው ጤናማ የሆነ ያገለገለ ላቲቲዩድ 7490 ቢቀርቡልን፣ በየቀኑ ቦርሳ ውስጥ ለሚዞር ሥራ ላቲቲዩዱን እንመርጣለን። ከአሜሪካ ለዘመድ የሚልክም ቢሆን ያው ነው፤ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተጻፈ ሶኬቱን መቀየር ብቻ ይበቃዋል። ከጠረጴዛ ለማይነሳ፣ ክዳኑም በቀን አንዴ ለሚከፈት ላፕቶፕ ግን ዋስትና ያለው አዲስ አይዲያፓድ መግዛት ጥፋት የለውም።