ለዩኒቨርሲቲ ጥናት የትኛው ይሻላል? ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ፣ ክሎድ ወይስ ኖትቡክ ኤልኤም

ታናሽ እህቴ የሁለተኛ ዓመት ስታቲስቲክስ ተማሪ ናት። ለሚድ ስትዘጋጅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አራቱንም የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ረዳቶች ወይም ቦቶች እያፈራረቅን ሞከርናቸው። «ልክፈልበት ወይስ ነጻው ይበቃኛል?» የሚለው ጥያቄ የብዙ ተማሪ ስለሆነ ያየነውን ላካፍላችሁ። ቆንጆ መልስ ሁሉም ይሰጣሉ። እኛ ያየነው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልጅቷ ብቻዋን ትሠራዋለች ወይ የሚለውን ነው።

የሞከርንበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ከ1,000 ሰው 10ሩ በሽታው አለባቸው። ምርመራው ከታመሙት 90 በመቶውን ያገኛል፤ ከጤነኞቹም 10 በመቶውን በስህተት «ፖዘቲቭ» ይላል። ፖዘቲቭ የተባለ ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? አንዱን ቦት እንዲሁ ስንጠይቀው ቀመሩንም መልሱንም ዘረገፈው። እህቴ «ገባኝ» አለች። ቁጥሩን ቀይሬ ስሰጣት ግን መጀመሪያው ላይ ቆመች።

ቀጥለን የቻትጂፒቲን ስተዲ ሞድ ከፈትን፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ነው። መልሱን ትቶ መልሶ እሷኑ ጠየቃት፦ ከሺሁ ጤነኛው ስንት ነው? 990። ከእነሱ በስህተት ፖዘቲቭ የሚባለውስ? 99። ከታመሙት የሚገኙት 9 ናቸው። ፖዘቲቭ የተባሉት በድምሩ 108 ናቸው፤ ስለዚህ 9 ሲካፈል ለ108፣ ማለትም 8.3 በመቶ ገደማ። እዚህ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ለካ ለዚህ ነው ምርመራውን የሚደግሙት!» አለች። ያን ቀን ሌላ ሦስት ጥያቄ ያለ እኔ ሠራች። ስሌትና ማረጋገጫ ለበዛበት ኮርስ ምርጫዬ ይህ ነው፤ ስተዲ ሞዱን ማብራት ግን አትርሱ።

ጀሚናይም ጋይድድ ለርኒንግ የሚባል ተመሳሳይ አሠራር አለው። ጂሜይል ላለው ሰው ሌላ ምዝገባ አያስፈልገውም፤ ደብተር ላይ የሠራችሁትን ፎቶ አንስታችሁ «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ማለት ትችላላችሁ። ከቻትጂፒቲ ጋር ሳወዳድረው የሚያጣላ ልዩነት አላየሁበትም፤ የለመዳችሁትን ያዙ።

ኖትቡክ ኤልኤም ግን ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው። የሚመልሰው እናንተ ከጫናችሁት ሃንድአውትና ሞጁል ላይ ተነስቶ ነው። በየዓረፍተ ነገሩ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ቁጥሩን ስትነኩት የመጣበትን ቦታ ያሳያችኋል። በነጻው አንድ ኖትቡክ (ሰነዶቻችሁን የምትሰበስቡበት ማኅደር) እስከ 50 ሰነድ ይይዛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ፣ የዓመታት ሞጁል ለሚከልስ ተመራቂ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ይህን የምለው በምክንያት ነው፦ አንድ ሌላ ቦት ለአሳይመንት የጠቀሰልንን ጽሑፍ ላይብረሪ ውስጥም ኢንተርኔት ላይም ግማሽ ቀን ፈልገን አጣነው፤ ከነጭራሹ የሌለ ጽሑፍ ነበር። ኖትቡክ ኤልኤምም ቢሆን ሊሳሳት ይችላል፤ ግን ምንጩን እዚያው ከፍቶ ማመሳከር ቀላል ነው። በስልክ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም የተላለፈ ደብዛዛ ሃንድአውት ከጫናችሁ በተለይ ቀመሮቹን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ።

ክሎድን የምመክረው ለጽሑፍ ነው፤ ፕሮፖዛልና የመመረቂያ ጥናት። «አትጻፍልኝ፣ የላላውን ክርክር ብቻ አሳየኝ» ስትሉት ረቂቁን አንብቦ ጥሩ አስተያየት ይሰጣል። በነጻ የሚፈቀደው የአጠቃቀም ገደብ ግን ረጅም ፋይል ሲጫንበት ቶሎ ይሞላል።

አማርኛን በተመለከተ፣ እነዚህ ማሽኖች ጽሑፍን የሚቆራርጡበት መንገድ ለፊደላችን ብዙም አይመችም፤ ያው ሐሳብ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ ቁራጭ ስለሚወስድ ገደቡ ቶሎ ያልቃል። እኛ ሃንድአውቱን እንዳለ በእንግሊዝኛ ጭነን ያልገባንን ክፍል ብቻ «በአማርኛ አስረዳኝ፣ የትምህርቱን ቃላት ግን በእንግሊዝኛ ተዋቸው» እንላለን። ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነውና።

ወደ ክፍያው ስንመጣ፣ ቻትጂፒቲ ፕላስም ክሎድ ፕሮም በወር 20 ዶላር ናቸው፤ በብር ሲመነዘር ከ2,500 ያልፋል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም ይፈልጋል። ለአንደኛና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ አያስፈልግም እላለሁ። መክፈል የሚያዋጣው የመመረቂያ ጥናት ላይ ሆናችሁ ነጻው ገደብ በየቀኑ ሲያቋርጣችሁ ነው፤ ያኔም ለአንድ ወር ብቻ። በቴሌግራም በብር የሚሸጠውን የጋራ አካውንት ግን አትግዙ። የጻፋችሁትን የማታውቁት ሰው ያነበዋል፤ የይለፍ ቃሉ የተቀየረ ቀን ደግሞ ሥራችሁም ገንዘባችሁም አብሮ ይሄዳል።

እህቴ እስካሁን አንድም ብር አልከፈለችም። ለፋይናል የኮርሶቿን ሃንድአውት ኖትቡክ ኤልኤም ላይ ጭናለች፤ ማታ ማታ ዶርም ስትገባ ስተዲ ሞድን ከፍታ ሁለት ሁለት ጥያቄ በወረቀት ትሠራለች።