የሃበርማን ጡጦ፦ ትናጋው ክፍት ለሆነ ሕፃን

ውድ ነው፣ ግን ልጅ ያጠግባል። ስለ ሃበርማን ጡጦ ለሚጠይቁኝ እናቶች ሁሉ የምመልሰው ይሄንኑ ነው።

ልጄ ስትወለድ ታችኛው ከንፈሯ ላይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሯት። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። ወተቱ በአፍንጫዋ ተመልሶ ሲወጣ ነው አፏ በባትሪ ታይቶ ትናጋዋ ከኋላ ክፍት መሆኑ የታወቀው። የከንፈር ቀዳዳና የትናጋ ክፍተት አብረው ሊመጡ የሚችሉበት ይሄ ችግር ቫን ደር ቩድ ሲንድረም ይባላል አሉን። በዘር የሚመጣ ነው፤ ከወላጆች አንዱ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ባሌ ከንፈሩ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ዕድሜውን ሙሉ የልጅነት ጠባሳ ሲላት ኖሯል! እርግማን ነው ሲሉ የነበሩ ጎረቤቶችም እሱን አይተው ዝም አሉ።

ወደ ጡጦው ልምጣ። ትናጋው ክፍት የሆነ ሕፃን አየሩ በአፍንጫው ስለሚገባበት ስቦ መጥባት አይችልም፤ ተራ ጡጦ ስትሰጪው ይታገላል፣ ይደክመዋል፣ ሳይጠግብ እንቅልፍ ይወስደዋል። ይሄኛው መሳብ አይፈልግም። ጫፉ ረዘም ያለ ለስላሳ ሲሊኮን ነው፣ ከሥሩ ወተቱ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ አለው፣ ሕፃኑ በድዱ ጫን ሲያደርገው ይወርድለታል። ጫፉ ላይ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም መስመር አለ። አጭሩን መስመር በሕፃኑ አፍንጫ ትይዩ ካደረግሽው ወተቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ረጅሙን ካደረግሽው ይፈጥናል። በአጭሩ ጀምሪ። ከደከመው በጣትሽ ጨመቅ እያደረግሽ ታግዢዋለሽ፣ ግን እሱ በሚውጥበት ልክ፣ አለዚያ ትን ይለዋል። ቀና አድርገሽ ያዢው፣ ቶሎ ቶሎም አስገሺው።

የፈጠረችው ማንዲ ሃበርማን የምትባል እንግሊዛዊት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተወለደች ልጇ መጥባት አቅቷት። እናት እንደሠራችው ደግሞ ያስታውቃል።

ያናደደኝ ከውጭ ያመጣልኝ ነጋዴ ነው። ዋጋውን ሰቅሎ መመሪያውን እንኳን አልሰጠኝም፤ ቫልቩ እንዴት እንደሚገጠም ያሳየችኝ አንዲት ነርስ ናት። እንደዚያም ሆኖ አልቆጨኝም። የትናጋ ኦፕራሲዮን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ልጁ ዓመት ገደማ ሲሆነው ስለሆነ እስከዚያ ኪሎ መጨመር አለበት።

የተሰነጠቀው ከንፈሩ ብቻ ሆኖ ትናጋው ደህና ከሆነ ግን ለመግዛት አትቸኩዪ፤ ብዙዎቹ ጡት ይጠባሉ። መጀመሪያ ሐኪም የአፉን ውስጥ በደንብ ይይልሽ።